ጎማ በወይራ ያጠነ ሰው

ሰው ቤቱን ያጥናል፤ ጋኑን ያጥናል፤ የወተት ቅሉን ያጥናል። ጎማ ያጠነ ሰው ግን ከእኔ ሌላ የምታውቁት ካለ ስሙን ንገሩኝና ሄጄ እጁን ልጨብጠው፤ ለብቻዬ መሸከሙ ከብዶኛል። ነገሩ ከደረሰ በኋላ ለብዙ ወራት በፍኖተ ሰላም ገበያ መሐል ባለፍኩ ቁጥር ጠላ ሻጮቹ ሁሉ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል ያደርጉ ነበር። እኔም የሚታይ ነገር ያለ ይመስል ሰማይ ሰማይ እያየሁ አልፋለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

አባቴ ሲሞት የተወልን አንድ ጥንድ በሬ፣ ከከተማው ወጣ ብላ ያለች ቁራጭ የጤፍ ማሳና በሚካኤል ማኅበር ውስጥ አንዲት መቀመጫ ነበር። በሬዎቹን የተመኘብን የለም፤ አርጅተዋል። መቀመጫዋን ግን የተመኛት ብዙ ነው። ማኅበሩ አሥራ ሁለት ሰው ነው፤ አሥራ ሦስተኛ አይገባበትም። ወር በገባ በአሥራ ሁለት ከአንዱ ማኅበርተኛ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ተረኛው ዳቦ ደፍቶ፣ ጠላ ጠምቆ ያበላል ያጠጣል። አንዱ ሲሞት ቦታው እስከ ሙት ዓመቱ ባዶ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ከሟቹ ቤት የሆነ ሰው አንድ ጊዜ ደግሶ ካስመሰገነ ይተካል፤ ካላስመሰገነ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ደንቡ ይኸው ነው፤ ይግባኝ የለውም።

አባቴ በየትኛውም ቤት ቢሆን የሚቀመጠው ከምሰሶው ሥር ነበር። ልጅ ሳለሁ ዋንጫውን በሁለት እጁ ይዞ እዚያ ሲስቅ አየው ነበርና፣ ያችን ቦታ ሌላ ሰው ተቀምጦባት ማየት አባቴን ሁለተኛ መቅበር ሆኖ ታየኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ሳቁ መሐል እንዳትረሱት ነው። እኔ ራሴ አንዳንዴ ረስቼው ነበር።

ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ በከተማው ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ ስለነበር ዓለም ያለችው እኔ እስካሻሽላት ድረስ ለጊዜው ይመስለኝ ነበር። የቤታችንን መዝጊያ አሻሽዬ ሦስት ቀን በመስኮት ወጥተናል። የዶሮዎቹን ቆጥ አሻሽዬ ዶሮዎቹ ጎረቤት ሄደው ማደር ጀመሩ። እናቴ ወይዘሮ የሺመቤት መዶሻ ይዤ ባየችኝ ቁጥር «ልጀ፣ ተወው እባክህ፤ ደኅና ነው» ትለኝ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ለጉዳይ ቡሬ ሄጄ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከበርሜል ናፍጣ ሲቀዳ አየሁ። የረጅም ጎማ አንዱን ጫፍ በርሜሉ ውስጥ ነከረ፤ ሌላውን ጫፍ በአፉ ሳብ አደረገና ቁልቁል ለቀቀው። ናፍጣው ማንም ሳይነካው እየተንዠቀዠቀ ወረደ። በርሜሉ አልተዘነበለ፤ ሥሩ የተኛው ቆሻሻ አልተነሳ። ሰው ሁሉ ያየው ናፍጣ ነው። እኔ ያየሁት የእናቴን ጋን ነበር።

ጠላ የሚጠምቅ ቤት የሚያውቀው ጣጣ አለ። ጋኑ ከተከፈተ በኋላ ቅል በገባ በወጣ ቁጥር ከሥር የተኛው አተላ ይነሳል። ቀድሞ የመጣ እንግዳ ጠለል ያለውን ይጠጣል፤ ዘግይቶ የመጣው አተላውን እያኘከ ይመርቃል። ታዲያ በጎማ ቢቀዳስ? ሳይነካ፣ ሳይነቃነቅ፣ ከላይ ከላይ? እዚያው ቡሬ መንገድ ላይ ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ። ሾፌሩ በእሱ የሳቅኩ መስሎት የተናገረኝን እዚህ አልጽፈውም።

ወዲያው ሐጂ ኑሩ ከሚባሉ ነጋዴ ሱቅ ገባሁ። አራት ክንድ ያህል ጎማ ቆርጠው እየጠቀለሉ «ለምንህ ነው ልጄ?» አሉኝ። ሐጂ ጢማቸው የነጣ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ፊታቸው ቆሜ ለጠላ ነው ማለቱ አሳፈረኝ።

«ለውሃ ነው አባቴ።»

«ለውሃ ከሆነማ ምንም አያሻው። ስትጨርስ ስቀለው፤ በቃ።»

እውነቱን ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ይህ ወግ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ውሸት ለነፍስ ብቻ የሚጎዳ ይመስለኝ ነበር፤ ለጎማም ይጎዳል።

በነሐሴ መጨረሻ ጤፋችንን ለማረም ደቦ ጠራን። ሰዎቹ አርመው ጭቃቸውን ታጥበው ቤት ሲገቡ ጋኑ መደብ ላይ ከፍ ብሎ፣ እኔ ጎማዬን ይዤ ከጎኑ ቆሜ ጠበቅኳቸው። አስቀድሜ ስለ አየር ግፊት አጭር ማብራሪያ ሰጠሁ። ማንም አልሰማኝም፤ ሰው ጠምቶታል። ከዚያ ሳብ አድርጌ ለቀቅኩት። ጠላው እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ዋንጫው ውስጥ ሲወርድ ሰው ሁሉ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«እህ! የእኛስ ጠላ ከተማ ገባ፤ በቧንቧ መጣ!» አለ አንዱ።

ከአንደኛው እስከ አሥራ አምስተኛው ሰው አንድ ዓይነት ጠላ ጠጣ። አንድ ያልታሰበ ነገር ብቻ ነበር፤ ጎማው በተቋረጠ ቁጥር እንደገና በአፍ መሳብ አለበት፤ በሳቡት ቁጥር ደግሞ አንድ ጉንጭ መዋጥ አለ። ለአሥራ አምስት ሰው ሁለት ሁለት ዙር ስቀዳ ስንት ጉንጭ እንደዋጥኩ እናንተው አስሉት። የአየር ግፊቱን ትምህርት የጨረስኩት ከግድግዳው ጋር ነው።

ዝናዬ ከቤተ ክርስቲያን ደረሰ። የማኅበሩ አባት መሪጌታ ጥበቡ፣ ቅኔ አዋቂ፣ ጨዋታ ወዳድ ሽማግሌ፣ በመስከረም ከቅዳሴ ስንወጣ ጠሩኝ።

«የአባትህ ሙት ዓመት ጥቅምት ላይ ይወጣል። እንግዲህ የኅዳር ሚካኤል ጽዋው ያንተ ነው። ትችለዋለህ?»

እዚህ ላይ «በእግዚአብሔር ቸርነት» ብሎ ዝም ማለት ነበር። እኔ ግን «መሪጌታ፣ ከአንደኛው ሰው እስከ አሥራ አንደኛው አንድም አተላ አፉ ቢገባ ቦታው ይቅርብኝ!» አልኩ። ማን ጠየቀኝ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸ ነው።

አጠገባቸው አቶ ይግዛው ቆመው ነበር። አቶ ይግዛው ማኅበርተኛ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ቦታ ሲጠብቅ የከረመ የእህት ልጅ አላቸው። «እንዲህ ከሆነማ መልካም ነው፤ በአፉ የፈረደ ሰው ዳኛ አያሻውም» አሉና ከዘራቸውን መሬት ላይ ደቅ አደረጉ።

ጎማዬስ ያን ጊዜ የት ነበረች? ከደቦው ማግስት እንደ ተጠቀለለች ከግድግዳው ችካል ላይ ሰቅያት ነበር። ሐጂ ስቀለው ብለውኛላ። ሆዷ ውስጥ የቀረ ጠላ እንዳለ አላሰብኩም። የክረምቱ እርጥበት፣ የሣር ክዳኑ ፍሳሽ፣ የደቦው ቅሪት ተባብረው ሁለት ወር ሙሉ ውስጧ ሲሠሩ ከረሙ።

ጥቅምት ሲጋመስ ሌላ መከራ መጣ። እናቴ ከጅረት ውሃ ይዛ ስትመለስ አዳልጧት ወደቀችና የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ወጌሻ በቀርከሃ ስንጥር አሰረላትና እስከ ገና ምንም እንዳትነካ አዘዛት። እናቴ ምንም ሳትነካ መኖርን ስለማታውቅ በግራ እጇ ሰው ታዝ ጀመር።

«ብቅሉንና ድፍድፉን ጥሩዬ ታግዘኛለች» አለችኝ። ጥሩዬ ጎረቤታችን ናት፤ ደግ ሴት፣ አጭር ሴት። «ጋኑን ግን ማን ይጠብልኝ? የጥሩዬ ክንድ ከሥሩ አይደርስም።» ይህን ብላ ረጅሙን ክንዴን አየችው።

«እኔ?» አልኩ። «ወንድ ልጅ ጋን አጠበ ቢባል ከተማሪዎቼ ፊት በምን ፊቴ እቆማለሁ?»

«በዚሁ ባለህ ፊት ነዋ፤ ሌላ ፊት አለህ? በሩን ዝጋውና ግባ።»

ግራዋ ተቀጠፈ፤ በሩ ተዘጋ። ጋናችን ትልቅ ነው፤ እስከ ብብቴ ገባሁና ጉንጬን ጋኑ አፍ ላይ ለጥፌ አሻሁ። የግራዋው ምሬት በአፍንጫዬ ገብቶ በዓይኔ ወጣ። አንድ ጊዜ አጥቤ፣ አለቅልቄ፣ ጨረስኩ አልኩ። እናቴ ከዱካዋ ተነሥታ ራሷን ጋኑ ውስጥ ነክራ አሸተተች።

«ድገም።»

ደገምኩ። አሁንም አሸተተች።

«ያምናው አተላ ገና አልወጣም። ድገም።»

«እምዬ፣ እጄ እንደሆነ ምንም አልነካውም!»

«እጅ ይዋሻል ልጀ። አፍንጫህን እመን።»

ሦስት ጊዜ አጠብኩት፤ አራት ጊዜ አለቀለቅኩት። ከዚያ ወይራ ፍም ላይ አጭሰን ጋኑን በላዩ ደፋነውና ታጠነ። ክንዴ ለሁለት ቀን ጠመኔ አላነሣ አለኝ። ይህን ሁሉ ስሠራ ግን ልቤ ከጎማዋ ጋር ነበር፤ ጋንማ ድሮም ያለ ነው፤ ሰው የሚያየው ጎማዋን ነው ብዬ አስብ ነበር።

ከድግሱ ሁለት ሳምንት ሲቀር ከችካሉ አወረድኳት። ጫፏን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ የወጣው ሽታ ወደ ኋላ ገፋኝ። ወደ ብርሃን አድርጌ አጮልቄ ባያት ውስጧ አረንጓዴ ጢም አብቅላለች። ሻግታለች።

እንደ ዕድል ሆኖ በገበያው ቀን ሐጂ ኑሩ ፍኖተ ሰላም መጥተው ነበር። ዙሪያውን አይቼ ጠጋ አልኳቸው።

«ሐጂ፣ ያ ጎማ ሻገተብኝ።»

«በውሃ ሻገተ?»

«አዎ... ትንሽ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «የእናንተ ሰፈር ውሃ ጌሾ ይገባበታል እንዴ ልጄ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሐጂ ግን ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሳቁ። «ዙሪያዬን ሁሉ የሚጠምቅ ጎረቤት ነው፤ ስሙን ብሰማ አልሰክርም። በል ስማ። በፍል ውሃ ደጋግመህ እጠበው። አራግፈው። ሳትጠቀልለው፣ አፉን ቁልቁል አድርገህ፣ ነፋስ ባለበት አንጠልጥለው። በተጠቀምህ ቁጥር ያንኑ ቀን እንዲሁ አድርግ። እሳትና ጭስ አታስጠጋው። ሌላ ምንም የለውም።»

ከዚህ የበለጠ ምክር ከየት ይመጣል? እኔም እቤት ገብቼ በፍል ውሃ አጠብኳት። አጠብኳትና ቆም ብዬ አሰብኩ። ፍል ውሃ ብቻ? ግራዋ ያልነካው የጠላ ዕቃ ጸዳ ይባላል? ደግሞስ ሐጂ ስለ ጎማ ያውቁ ይሆናል እንጂ ስለ ጠላ ምን ያውቃሉ? ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የተባለው እንደ እኔ ላለው ነው።

ግራዋውን ጠቅልዬ በጎማዋ አፍ ጠቀጠቅኩት። በአንዱ አፍ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ነበር ሐሳቤ። ገባ። መሐል ሲደርስ ቆመ። ነፋሁ፤ ጉንጬ ተወጥሮ ጆሮዬ ጮኸ፤ ግራዋው ንቅንቅ አላለም። የአባቴን አሮጌ ጠመንጃ መወልወያ ዘንግ አምጥቼ ገፋሁት። ዘንጉ አጭር ነው፤ ደርሶ ይበልጥ አጠበቀው። በሌላው ጫፍ ዞሬ ብገፋው ደግሞ ከሁለት ወገን የተጠቀጠቀ ሆነና መወልወያውም ውስጡ ተቀርቅሮ ቀረ። እሱን ለማውጣት እኔ በአንድ በኩል፣ ጥሩዬ በሌላ በኩል ገመድ ጉተታ ተያያዝን። መወልወያው ድንገት ሲወጣ ጥሩዬ ከነሳቋ ለድግሱ የተሰጣው ጌሾ ላይ ተቀመጠች።

ግራዋው ግን አለ። ጊዜ ሐሳብን ያመጣል፤ የእኔ ሐሳብ የሚመጣው ግን ሁልጊዜ ከሳይንስ በኩል ነው። የሚሽከረከር ነገር ወደ ውጭ ይወረውራል፤ ለተማሪዎቼ ያስተማርኩት ነው። ደጅ ወጥቼ የጎማዋን አንድ ጫፍ ያዝኩና እንደ ወንጭፍ ከራሴ በላይ አሽከረከርኳት። እየጮኸች ዞረች፤ እየፈጠነች ዞረች። አንድ የሆነ ነገር ሹልክ ብሎ ወጣ።

ሳይንሱ ልክ ነበር። ያላሰላሁት መሪጌታ ጥበቡ የድግሱን ዝግጅት ሊያዩ በአጥሩ በር እየገቡ መሆኑን ነው። ሁለት ወር የሻገተ ጠላ የጠጣ አረንጓዴ የግራዋ ድብልብል ከነጩ ጥምጥማቸው መሐል ጧ ብሎ ተለጠፈ።

ቆሙ። እጃቸውን ወደ ጥምጥማቸው ሰደዱ፤ የነኩትን አሸተቱ፤ አዩኝ።

«ልጄ» አሉ በቀስታ። «ዳዊት እንኳ ወንጭፉን ያነሣው በጎልያድ ላይ ነው። እኔ ምን በደልሁህ?»

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። እናቴ በግራ እጇ ውሃ ይዛ ሮጠች፤ ጥምጥማቸውን ስታጥብ እያለቀሰች ትስቃለች። መሪጌታ ራሳቸውን ሸፍነው ተቀምጠው፣ ምን እየሠራሁ እንደነበር ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ለአሥራ አንድ ሽማግሌ ይህን ያህል? እኛ እኮ በቅልም ስንጠጣ ኖረናል» አሉ። እኔ ግን ቃል ገብቻለሁ። አቶ ይግዛው ሰምተዋል።

እንግዲህ አንድ ነገር ቀረ፤ ማጠን። ጎማዋን ደጋግሜ አሸትት ነበር፤ ግራዋ ግራዋ ትላለች፤ ከሥሩም ሻጋታው አለ። ይህን ሽታ የሚያጠፋ ወይራ ብቻ ነው ብዬ ቆረጥኩ። ከድግሱ በፊት ባለው ቀን ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ፍም አድርጌ፣ የወይራ ስንጥር ጨምሬበት፣ የጎማዋን ጫፍ በክዳኑ ቀዳዳ አስገባሁና ጭሱን ከወዲህ በአፌ ልስብ ተቀመጥኩ።

«ምን እያደረግህ ነው አንተየ?» አለች እናቴ ከውስጥ።

«እያጠንኩ።»

«ጎማ እኮ ነው።»

«ያልታጠነ ዕቃ ጠላ አይዝም ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ጋን አልሁህ እንጂ ጎማ መቼ አልሁህ!»

ጭሱን ሳብኩ። መጀመሪያ ወይራ ነበር፤ ያማረ ወይራ። ሁለተኛ ስስብ ጎማዋ ከወዲያ ፍሙ ላይ ተኝታ ኖሯል፤ ደረቴ ውስጥ የገባውን ነገር ስም አላገኘሁለትም። አሳለኝ፤ አስነጠሰኝ፤ ዓይኔ ታወረ። ጥሩዬ «እሳት! ቤት ተቃጠለ!» እያለች ወጣች፤ ሰፈሩ ውሃ ይዞ መጣ። ሲደርሱ ያገኙት እየነደደ ያለ ቤት ሳይሆን ፊቱ የጠቆረ አስተማሪ ነው። ውሃውን ግን ላለመመለስ ብለው አፈሰሱብኝ።

የጎማዋ አንድ ጫፍ ቀልጦ ነበር። እሱን በቢላ ቆርጬ ጣልኩ። የቀረው ደኅና ይመስላል አልኩ። እናቴ ግን ዞር ብላ «የአባትህ ቦታ እንዳይሄድ ብቻ» አለች፤ ድምጿ ትንሽ ሰለለ። ያን ጊዜ ቀልዱ ከልቤ ጠፋ። አንድ ሰዓት ያህል ደጅ ተቀምጬ ጎማዋን በፍል ውሃ አጠብኳት፤ አራግፌ አፏን ቁልቁል አንጠለጠልኳት። ሐጂ የነገሩኝን ሁሉ አደረግኩ፤ የዘገየሁት ሁለት ወር ብቻ ነው።

በኅዳር ሚካኤል ከቅዳሴ በኋላ አሥራ አንዱ ማኅበርተኞች ገቡ። ዙሪያውን ተቀመጡ፤ ከምሰሶው ሥር ያለችው ቦታ አጎዛ ተነጥፎባት ባዶ ነበረች። መሪጌታ ጸለዩ፤ ዳቦው ተቆረሰ። የጋኑ ምርጊት ተከፈተ። እኔም በአዲስ ነጠላ፣ ጎማዬን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ቀረብኩ። አቶ ይግዛው አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

ነከርኩ፤ ሳብኩ፤ ዋንጫው ሞላ። ጠላው ጠርቷል፤ አንድ አተላ የለበትም። ልቤ ዘለለች።

በአገራችን ቀጂ ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ቀንሶ ይቀምሳል፤ ክፉ ነገር የለበትም ለማለት ነው። እኔም መዳፌ ላይ አፈሰስኩና ቀመስኩ።

የቡሬ መንገድ በሙሉ ከነጭነት መኪናው አፌ ውስጥ ገባ። ከሥሩ ግራዋው፤ ከግራዋው ሥር የነሐሴ ሻጋታ። ልውጠው ብል ጉሮሮዬ እምቢ አለ፤ ልተፋው ብል ማኅበር ነው። አሥራ አንድ ሽማግሌ ፊቴን ያያል። ዋጥኩት።

«እህሳ?» አሉ መሪጌታ ዋንጫውን ለመቀበል እጃቸውን ዘርግተው።

ጥሩ ነው ማለት ይቻል ነበር። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፤ አንድ አንድ ዋንጫ አፍንጫቸውን ይዘው ይጠጡልኝ ነበር። ግን እነዚህ ሰዎች አባቴን ተሸክመው የቀበሩ ናቸው። ጎማ የተቃጠለበት ጠላ እያጠጣሁ እንዴት ቦታውን እውሰድ?

«አባቶቼ» አልኩ። «ይኸ አይጠጣም። ጥፋቱ የጠላው አይደለም፤ የእኔ ነው። ጎማዋን ሳላጥብ አስቀመጥሁ፤ ካስቀመጥሁ በኋላ ደግሞ ያለ ልክ አጠብሁ፤ በመጨረሻም አጠንኋት።»

«ምን አደረግኋት አልህ?» አሉ አንዱ ጆሯቸው የከበደ።

«አጠንኋት።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አቶ ይግዛው ግን ሳቃቸውን ገታ አድርገው «እንግዲህ ደንብ ደንብ ነው መሪጌታ። ያላስመሰገነ አይተካም። ራሱም በአፉ ፈርዷል» አሉ።

መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። «በዚህ ቤት ቅል የለም?»

«አለ።»

«ታዲያ ምን ትገተራለህ? ሰው ጠምቶታል።»

ጎማዋን መዝዤ ወደ ደጅ ወረወርኳት። ዋንጫውን አለቅልቄ ቅሉን ያዝኩ። እናቴ በጓዳው በር ቆማ በታሰረ እጇ ትመራኛለች፤ «በቀስታ... ከላይ ከላይ... ቅሉን አታጥልቀው... አሁን አጋድም።» መዳፌ ላይ ቀነስኩና ቀመስኩ። እግዚአብሔር ይስጣት፤ ጠላ ነው። ደኅና የታጠበ ጋን ውስጥ የተኛ ጠላ። ለአሥራ አንዱም ቀዳሁ፤ እጄ ያን ዕለት እንዳይንቀጠቀጥ የለመንኩትን ያህል ለምኜ አላውቅም። አሥራ አንደኛው ዋንጫ ውስጥ እንኳ አተላ አልነበረም።

መሪጌታ ጠጡ፤ ጢማቸውን ጠረጉ፤ እንደገና ጠጡ። ሌሎቹም «እሰይ!» «ይኸስ ጠላ ነው!» እያሉ ዋንጫቸውን ዘረጉ። አቶ ይግዛውም ሁለተኛ አስቀዱ፤ እውነት እንናገር ከተባለ ሦስተኛም አስቀድተዋል።

«ይግዛው፣ ይመሰገናል ወይስ አይመሰገንም?» አሉ መሪጌታ።

«ጠላውማ ይመሰገናል። ምን ይወጣለታል!» አሉ አቶ ይግዛው፤ ሐሰት አያውቁም።

«ጋኑን ማን አጠበው?»

እናቴ ከበሩ «እሱ ነው አባቴ። እጄ ቢሰበር እስከ ብብቱ ገብቶ አጠበልኝ» አለች። አስተማሪ ጋን ውስጥ እስከ ብብቱ! ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ተማሪዎቼ ነገ ይሰሙታል ብዬ ላብ አሰመጠኝ።

«ያዘዘችውስ? ጌሾውን የመጠነችው፣ ድፍድፉን ያየችው?» መልሱ በር ላይ ቆሟል። መሪጌታ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «ደንቡ ከሟቹ ቤት የሆነ ሰው ደግሶ ካስመሰገነ ይተካል ነው የሚለው። ወንድ ልጅ አይልም። ወንድማችን በሕይወት ሳለ እኛ እሱን ስናመሰግን የኖርነው በማን ጠላ ነበር? ወይዘሮ የሺመቤት፣ ይምጡ። ይቀመጡ።»

እናቴ የተጠራች እሷ መሆኗን አላመነችም፤ ወደ ኋላዋ ዞራ አየች። ኋላዋ ጓዳው ብቻ ነበር።

ልዋሽ አልችልም፤ መጀመሪያ ቆጨኝ። ያን ቦታ በልጅነቴ ተመኝቼዋለሁ፤ ክንዴ የዛለው ለእሱ ነው፤ የተሳቀብኝም ለእሱ ነው። ከዚያ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ የታሰረ እጇን በደህናው ደግፋ፣ በእነዚያ ሽማግሌዎች መሐል ስታልፍ አየኋት። አንድ በአንድ ከመቀመጫቸው ብድግ እያሉ አሳለፏት፤ አቶ ይግዛውም ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡላት። ከምሰሶው ሥር ስትቀመጥ ቁጭቱ የት እንደገባ አላውቅም። ለሠላሳ ዓመት ያን ቤት ስታጠጣ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጣ አይቻት እንደማላውቅ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ዓይኔን እንባ ሞላው።

«መሪጌታ፣ እኔስ?» አልኩ፤ አፌ ዛሬም አያርፍ።

«ጋን በጠጠር ይደገፋል ሲባል አልሰማህም? ጠጠሩ አንተ ነህ። በየወሩ እየመጣህ ትቀዳለህ፤ በቅል።»

ዋንጫ ሞልቼ ይዤ ወደ እናቴ ሄድኩ። እንደ ደንቡ በመዳፌ ቀምሼ ሰጠኋት። በግራ እጇ ተቀብላ ቀስ ብላ ጠጣች፤ ቤቱ ሁሉ ምን እንደምትል ይጠብቃል። ከዚያ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፦

«ትንሽ ግራዋ ቀርቶበታል ልጀ። ለሚመጣው ስታጥብ አምስት ጊዜ አለቅልቀው» አለችኝ።

እሺ አልኳትና ዋንጫዋን እንደገና ሞላሁላት።